«ድሬ ወንድ አልቋል» ለሚለው ወሬ የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 33 ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአንድ ባንክ የምሠራ፣ ዲግሪ ያለኝ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። ጓደኞቼ ‹ድሬ ወንድ አልቋል፤ ግማሹ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ሄዷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ የቀረው አግብቷል› ይላሉ። ለአንድ ወንድ ሰባት ሴት ይደርሳል ሲባልም እሰማለሁ። በ38 ዓመቱ ያላገባ ጓደኛ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሽማግሌ ላክ ስለው ‹ምን ያስቸኩልሻል› ይለኛል። ‹ሴት እንደሆነ ሞልቷል› ብሎ የቀለደብኝም ጊዜ አለ። አሁን መሥሪያ ቤቴ የአዲስ አበባ ዝውውር አውጥቷል፤ እናቴ ‹እዚያ ሰው አይጠፋም፣ ሂጂ› ትለኛለች። እውነት በከተማችን ወንድ አንሶ ነው? ብሄድስ ይሻለኛል?»

ምላሽ

እህቴ፣ ሁለታችንም የድሬ ልጆች ስለሆንን አንቱታውን ትተን በአንቺ እንነጋገር። ሙያዬ የሥነ ሕዝብ ጥናት ነው፤ የትዳር አማካሪ አይደለሁም። ጥያቄሽ ግን ከስሜቱ በታች የቁጥር ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩን በትክክል ካላየነው ስለ ሰውየውም ስለ ዝውውሩም የምንለው ሁሉ ከወሬ አያልፍም።

መጀመሪያ ያንን «ሰባት ለአንድ» የሚባለውን ከመንገዳችን እናንሳው። መነሻው ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 4 ነው። ነቢዩ ጎልማሶቿ በሰይፍ ስለሚወድቁባት ጽዮን ሲናገር ሰባት ሴቶች አንድ ወንድ ይይዛሉ አለ። የጥፋት ትንቢት ነው፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አይደለም። በየሠርጉና በየለቅሶው ሲደጋገም ኖሮ የተቆጠረ ነገር መሰለ እንጂ፣ ሰባት ሴት ለአንድ ወንድ የደረሰበት ቆጠራ በኢትዮጵያ የለም።

የተቆጠረውስ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834 ነበር። ወንዶችም ሴቶችም እያንዳንዳቸው ከ170 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ወንዶቹ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጡ ነበር። ጎረቤታችን ሐረሪ ክልል 92,316 ወንድና 91,099 ሴት ነበረው። አሁን እናትሽ «ሰው አይጠፋም» ወዳሉት አዲስ አበባ ተመልከቺ፤ 1,305,387 ወንድ፣ 1,434,164 ሴት። ለ100 ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። ወንድ ያነሰበት ከተማ ካለ ልትሄጂበት ያሰብሽው ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ፤ ነገሩ መልኩ እንደሚያሳየው ቀላል አይደለምና።

ቆጠራው አርጅቷል፤ ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያ ላይ የድሬዳዋው ቁጥር የገጠር ቀበሌዎችን፣ ሕፃናትንና አዛውንቶችን ያጠቃልላል። ስለዚህ ለትዳር ከደረሱት መካከል ስንት ለስንት እንደሆነ በቀጥታ አይነግረንም። ሰባቱን ለአንድ ግን ከሥሩ ይነቅለዋል። በየትም አገር ወንድ ልጅ ሲወለድ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ለ100 ሴት ከ103 እስከ 106 ይሆናል። ከዚያ በየዕድሜው ወንዱ ትንሽ ፈጥኖ ስለሚሞት በጉልምስና ሚዛኑ ይስተካከላል፤ በእርጅና ሴቷ ትበዛለች። ከዚህ ርቆ ሚዛን የሚያዛባው ጦርነት፣ ስደት ወይም በፅንስ ላይ የሚደረግ ምርጫ ነው።

ስደቱን አንስተሻል፤ እውነት ነው። ድሬዳዋ የምሥራቁ መስመር መተላለፊያ ናት። በድንበር ከተማዋ በደወሌ አልፎ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት የሚሞክረው አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። ነገር ግን ሴቱም አልቀረም፤ መንገዱ ተለየ እንጂ። በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጀልባ የተሳፈረው ወሬ ይሆናል፤ አውሮፕላን የተሳፈረችው በሐዋላ ብቻ ትታወሳለች። ከተማዋ ደግሞ ትሰጣለች ብቻ ሳይሆን ትቀበላለች። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት እዚህ ሜዳ ላይ ካረፈ ጀምሮ ድሬ ሥራ ፈላጊ ወንድ የሚመጣባት ከተማ ናት፤ የባቡር ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር። አዲስ አበባ ሴት የበዛበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው፤ ከገጠር በቤት ሠራተኝነትና በትምህርት የሚገቡት ወጣት ሴቶች ሚዛኑን ወደ ሴት ያዘነብሉታል።

እንግዲህ በከተማሽ ወንድ አልጠፋም። አንቺ ግን የምታገቢው አጣሽ፤ ጓደኞችሽም እንደዚያው። ይህ ቅዠት አይደለም። እጥረቱ ያለው ወንዱ በሚያልፍባቸው ወንፊቶች ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ከጥናት አልወሰድኳቸውም። ከ33 እስከ 42 ዓመት የሚሆኑ 1,000 ወንዶች በከተማው አሉ እንበል። 700ው አግብተዋል፤ 300 ቀሩ። ያንቺን ሃይማኖት የሚከተለውን ብቻ ያዢ፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 71 በመቶ ገደማው ሙስሊም፣ 26 በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ ነበር፤ ከተማው ላይ ኦርቶዶክሱ ይበዛልና ሲሶውን ልስጥሽ። 100 ሆኑ። ዲግሪ ያለው ይሁን ብትዪ 25 ይቀሩሻል። ቋሚ ገቢ ያለው፣ ጫት የማያዘወትር፣ ልጅ የሌለው እያልሽ ስትወርጂ አምስት ወይም ስድስት። ከእነዚያ አንዱ በሰባት ቤት ዘመድሽ ሆኖ ይገኛል፣ ሌላውን ደግሞ ጭራሽ አይተሽው አታውቂም። አሁን የከተማው ወንድ በተአምር እጥፍ ሆነ እንበል፤ 2,000። በእጅሽ ያሉት ከአምስት ወደ አሥር አደጉ፤ ይኸው ነው። አንዱን ወንፊት ብቻ ብታላሊው ግን ያው እጥፍ ይሆንልሻል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ስለዚህ «ወንድ ስንት ነው» ከሚለው ይልቅ «ወንፊቴ የትኛው ነው የጠበበው» የሚለው ጥያቄ ይጠቅምሻል።

ሃይማኖቱን አላሊ አልልሽም፤ እሱ የእምነት ጉዳይ ነው፣ የእኔ ሙያ አይደለም። በድሬ ሰፈር ለሰፈር ተዋልደን፣ የአንዱ ቤት በዓል የሌላው ሆኖ ብንኖርም በትዳር ላይ ግን ድንበሩ እንደጸና ነው፤ በዚህ ምክንያት የትዳር ገበያው አንድ ከተማ ሳይሆን ጎን ለጎን የተቀመጡ ትናንሽ ከተሞች ነው። የሙስሊም ጓደኛሽ የምታማርረው ስለ ሌላ ገበያ ነው፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም።

ዕድሜው ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው፣ ከስደቱም ከጦርነቱም ይልቅ እጥረቱን የሚፈጥረው ይህ ነውና።

እኛ አገር ወንድ ከእሱ የምታንስ ሴት ያገባል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሴቶች መጀመሪያ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶቹ 23.7 ነበር። የስድስት ዓመት ተኩል ልዩነት መሆኑ ነው። በከተማ ሁለቱም ዘግየት ይላሉ፤ «ባል አምስት ስድስት ዓመት ይብለጥ» የሚለው ልማድ ግን ባንክ ቤትም ይሠራል። አሁን ይህንን ልማድ በፍጥነት በሚያድግ ሕዝብ ላይ አስቀምጪው። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች መካከል የኢትዮጵያ ሕዝብ በየዓመቱ በአማካይ 2.6 በመቶ አድጓል። በዚህ ፍጥነት ዘንድሮ የሚወለደው ካለፈው ዓመት ይበልጣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚወለደው ደግሞ በ14 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ለ100 የ38 ዓመት ወንዶች 114 ገደማ የ33 ዓመት ሴቶች ይኖራሉ። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከሆነ ለ100 ወንድ 120 ሴት ገደማ። ማንም አልሞተም፣ ማንም ባሕር አልተሻገረም፤ ወንድና ሴት በእኩል ቁጥር ተወልደዋል። ነገር ግን ሁሉም «ባል ይብለጥ» ስላለ ብቻ 14 ወይም 20 ሴት ያለ አጣማሪ ቆመች።

ሥነ ሕዝብ ይህንን የትዳር ጥበት ይለዋል። ለወሬው መነሻም ይሄ ይመስለኛል፤ ሴቶች በዓይናቸው የሚያዩትን እጥረት «ወንድ አልቋል» ብለው ተረጎሙት። የሚያዩት ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ከደወሌ ወዲያ ፈለጉት።

በሌላ በኩል ያለውን ደግሞ ስሚ። ሳቢያን አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ የ25 ዓመት ልጅ ብትጠይቂ «ሴት የለም» ይልሻል። እኩዮቹ የሚያዩት የሠላሳ አምስት ዓመቱን ነጋዴ ወይም ለበዓል ከውጭ የመጣውን ነው። እሱ ገና ተራ ጠባቂ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ጥሎሽ፣ የሠርግ ወጪ እስኪያጠራቅም አሥር ዓመት ይሄዳል፣ ያኔ ደግሞ ያንቺን እኩያ ትቶ የ27 ዓመቷን ይፈልጋል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ምሽት፣ ሴቱ «ወንድ የለም»፣ ወንዱ «ሴት የለም» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ጥበቱ የዘላለም አይደለም። በአገራችን አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.5 በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ወርዷል። ውልደቱ ሲቀንስ ታናናሾቹ ከታላላቆቹ መብለጣቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በኋላም ሊገለበጥ ይችላል። ለ33 ዓመቷ ላንቺ ግን ይህ አይደርስም። ለአንቺ የሚደርሰው ልማዱን መንካት ነው። ከአንቺ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚያንስ፣ ወይም እኩያሽ የሆነ ሰው ቀርቦሽ ያውቃል? «ልጅ ነው» ብለሽ ያለፍሽው አለ? የዚህ ከተማ ሴቶች ሲያማርሩ አብዝቼ የምሰማው ስለ ታላላቆቻቸው ነው፤ ከታች ያለውን ወንድ ከቁጥር አያስገቡትም። እውነቱን ለመናገር ወንዶቹም ከዚህ የከፉ እንጂ የተሻሉ አይደሉም፤ የ40 ዓመቱ ላጤ የ33 ዓመቷን «አርጅታለች» ሲል ሰምቼ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ አልነግርሽም። «ቆሞ ቀር» የሚለውን ስድብ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው።

ልማዱ እንደሚነቃነቅ ማስረጃ አለ። የድሬያችንን የከዚራ ሰፈር ቀይሰው ጎዳናዋን የዘረጉት ፈረንሳዮች ከ1914 እስከ 1918 (እ.ኤ.አ.) በነበረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ወታደር አጥተዋል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ወንድ በብዛት ያለቀባቸውን አውራጃዎች ብዙም ካላለቀባቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ብዙ በሞተበት የተረፈው ወንድ ከዝቅተኛ መደብ የማግባት ዕድሉ ቀነሰ፤ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው። ወንዱ በብዛት አገባ፣ ሴቱ ግን በብዛት ሳታገባ ቀረች፤ ከጋብቻ ውጭ የሚወለድ ልጅም ጨመረ። በዚያው ላይ በባልና ሚስት መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ጠበበ። «ባል ይብለጥ» የሚለው ሕግ ሲጨንቅ ላላ። ልብ በዪ፣ ያ እውነተኛ የወንድ እልቂት ነው፤ ያኔም ቢሆን ሰባት ለአንድ አልደረሰም።

ትምህርት ሁለተኛው ጥብቅ ወንፊት ነው። በአገራችን ዲግሪ ያለው ወንድ ዲግሪ ካላት ሴት ይበዛል፤ በሒሳብ ብቻ ከሆነ የተማረች ሴት ባል ልትመርጥ ይገባት ነበር። እንዲህ የማይሆነው ወንዱ ዲግሪ ያላትንም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያቆመችውንም፣ ሱቅ የምትጠብቀውንም ስለሚያገባ ነው፤ አንቺ ግን ከዲግሪ በታች አትወርጂም። ስለዚህ እሱ ከመላው ከተማ ይመርጣል፣ አንቺ ከጥቂቱ። ወንዱ በዚህ አይወቀስም፤ ዲግሪ የሚጠይቀው ወንፊት ያለው አንቺ ጋ ነው፣ አስፈላጊ መሆኑን ደግመሽ አስቢበት። ታይዋን ገበያ ውስጥ የራሱ ሱቅ ኖሮት፣ ሦስት ቋንቋ አቀላጥፎ፣ ሒሳቡን በራሱ የሚይዝ ነጋዴ ዲግሪ ስለሌለው ብቻ ከዝርዝርሽ ከወጣ ወንፊቱ የሚመዝነው ወረቀት ነው።

ገቢው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አላሊ ለማለት አልደፍርም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዊልያም ጁልየስ ዊልሰን በቺካጎ ድሃ ሰፈሮች ላይ ባደረገው ጥናት ያነሳው ነጥብ ድሬን በደንብ ይገልጻታል። ወንዱን ራስ በራስ መቁጠር ዋጋ የለውም፣ ሥራ ያለውን ወንድ ቁጠሩ አለ። ቤተሰብ ሊያቆም የሚችለው እሱ ነውና። በአያቶቻችን ጊዜ የሸሚንደፈር ሠራተኛ የሚታመን ሙሽራ ነበር፤ ደመወዙ በወሩ ይገባል፣ ቤት ከነግቢው ይሰጠዋል። አሮጌው ባቡር ሲቆም ያ ዓይነቱ ሙሽራም አለቀ። አዲሱ ባቡር ይመላለሳል፣ እንደ ድሮው ግን ከተማውን አይቀጥርም። መልካ ጀብዱ በኩል ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አምጥቷል፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ግን በብዙ ቦታ ይበልጥ የሚቀጥረው ሴት ነው። የጓደኞችሽ «ወንድ አልቋል» በከፊል «ደመወዝ ያለው ወንድ አንሷል» ማለት ነው፤ ይህን አልከራከራቸውም።

በርጫውን በተመለከተ፦ ጫት ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። የመገናኘቱ ጉዳይ ግን የሥነ ሕዝብ ጉዳይ ነው። ድሬ ከምሳ በኋላ ትዘጋለች፤ ሙቀቱ አስገድዶን ከሌላው አገር የተለየ የቀን አቆጣጠር አለን። በእነዚያ ረጅም ሰዓታት ብዙው ወንድ ፍራሽ ላይ ከወንዶች ጋር ነው፤ ሴቱ ቤቷ ወይም ከሴቶች ጋር ናት። ፀሐይ ስትበርድ ከዚራ ጥላ ሥር የሚወጣው ሰው ከቀኑ ጓደኞቹ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ውጤቱ ምንድነው? ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ላጤዎች ዓመቱን ሙሉ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ሥራ ቦታሽ ላይ የምታገኚያቸው ደንበኞች አብዛኞቹ ያገቡ ናቸው፤ ባንክ ቤት የሚመላለሰው ኑሮው የተደላደለው ነዋ። ስለዚህ ከዓይንሽ ስፋት ተነስተሽ ከተማውን አትገምቺ። በፅዋ ማኅበር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በቁልቢ ጉዞ ላይ የምትገናኚው ሰው ስብጥር ከባንኩ ይለያል። ቁልቢን ሳነሳ ለስለት አይደለም፤ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 በእግር ሲወጣ አብሮ የሚሄደው ወጣት፣ ያላገባና በጓደኛ ጓደኛ የሚተዋወቅ ስለሆነ ነው። ዘመድ አዝማድ «አንድ ልጅ አለ» ሲልሽም አፍሮ ዝም ማለት ትተሽ ስለ ልጁ ጠይቂ፤ የሚያስተዋውቅ ሰው ያለበት መንገድ በስልክ ውስጥ «ካናዳ ነው ያለሁት» ከሚል ፎቶ ይሻላል።

አሁን ወደ ሰውየሽ። «ሴት እንደሆነ ሞልቷል» ያለው ቀልድ አይደለም፤ ዋጋ ሲደራደር ነው። ማርሻ ጉተንታግና ፖል ሴኮርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሐሳብ ነበር፤ ሴት በበዛበት ወንድ ለመታሰር አይቸኩልም፣ አብሮ ይቆያል እንጂ ቃል አይገባም የሚል። (ወንድ በበዛበት ደግሞ ሴቷ ትፈለጋለች፣ ግን ትጠበቃለች፣ ትታጠራለች፤ ሴት ያነሰችበት አገር ሁሉ ለሴት ገነት አይምሰልሽ። በቻይና በ2004 እ.ኤ.አ. ለ100 ሴት ልጅ 120 ያህል ወንድ ልጅ ይወለድ ነበር፤ ወንድ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ለልጃቸው ሚስት ፍለጋ ገንዘብ ማጠራቀም ላይ ወደቁ።) እኔ በሐሳቡ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ወንዱ እንዲህ እንዲሆን ሴት በእውነት መብዛት የለባትም፤ እሱም እሷም እንደበዛች ማመናቸው ይበቃል። በድሬ የሆነው ይህ ነው። የከተማው ጠቅላላ ቁጥር እኩል ለእኩል ገደማ ነው፣ ወሬው ሰባት ለአንድ ነው፣ ወንዱ የሚደራደረው በወሬው ነው። አንቺም «ይሄን ካጣሁ ሌላ የለም» ብለሽ ሁለት ዓመት የጠበቅሽው በወሬው ተይዘሽ ነው።

ከቁጥሩ አንጻር የእሱ ቦታ እሱ እንደሚያስበው የተመቸ አይደለም። የ38 ዓመት ላጤ ነው፤ ሊያገባት የሚፈልጋት የ27 ዓመቷ ደግሞ ከ30 እስከ 34 ባሉት ትፈለጋለች። በእሱ ላይም ዓመት ይቆጠራል፣ ማንም አይነግረውም እንጂ። ስለዚህ ሳትለማመጪውና ሳታስፈራሪው ቀን ጠይቂው፤ «እስከ ፋሲካ ሽማግሌ ትልካለህ ወይ?» ብለሽ፣ አዎ ካለ ማንን እንደሚልክ ስማቸውን። «እናያለን» ካለ መልስ ሰጥቶሻል። በጭቅጭቅ ከሚገኝ ሽማግሌ ይልቅ የጠራ «አይደለም» ይሻልሻል።

በዚህ መካከል እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅሽ፤ «ወንድ አልቋል» የሚለው ወሬ ሌላም በር ይከፍታል። ያገባ ሰው መጥቶ «ሚስቴ እዚያ ማዶ ናት፣ አንቺን እዚህ አኖርሻለሁ» ሲል የሚሰሙት ይበዛሉ። በ2008ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ያገቡ ሴቶች 11 ያህሉ ጣውንት እንዳለባቸው ተናግረዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ በቀጥታ የሚሠራ ሲሆን በአንቀጽ 11 በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል። ነገ ንብረት ወይም ውርስ ሲመጣ ጣጣው የሚወድቀው ሁለተኛዋ ላይ ነው። የአንቺ ጉዳይ ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከጓደኞችሽ ለአንዷ ግን ይጠቅማል።

የዝውውሩ ነገር ቀረኝ። አዲስ አበባ ለ100 ሴት 91 ወንድ ነው ብያለሁ፤ በዚያ ብቻ ከፈረድን እናትሽ ተሳስተዋል። ነገር ግን ያ ትርፍ የሴት ቁጥር በአብዛኛው በቤት ሠራተኝነትና በትምህርት የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በዕድሜም በትምህርትም ከአንቺ ጋር አንድ ሰው የሚሻሙ አይደሉም ለማለት ግን አልችልም፤ ወንዱ ወደ ታች እንደሚያይ ተነጋግረናልና። የአዲስ አበባ ብልጫ በመጠን ነው። ከላይ በሠራነው ሒሳብ ወንፊቶቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ፣ ከ1,000 ወንድ አምስት የተረፉሽ ከ10,000 ወንድ ሃምሳ ይተርፉሻል። ተፎካካሪሽም በዚያው ልክ ይበዛል። በተግባር የሚገኘው ጥቅም ምንድነው? ሃይማኖት፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ተጣምረው ሲጠብቡ በትንሽ ከተማ ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ በትልቅ ከተማ ዜሮ አይሆንም። ጉዳቱ ደግሞ ድሬ ላይ አክስትሽም፣ የሰፈር ሰውም፣ የሥራ ባልደረባሽም ስለ አንድ ሰው ማንነት በአንድ ቀን ይነግሩሻል። አዲስ አበባ ያንን የሚነግርሽ ሰው ለማግኘት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ኪራዩም ደመወዝሽን ይበላዋል።

ስለዚህ ዝውውሩን እንደ ሥራ መዝኚው። የደረጃ ዕድገት አለው? የቤት አበል አለው? መልሱ አዎ ከሆነና ሥራውን ከወደድሽው ሂጂ፤ ከነበረው የተሻለ ሰፊ ገበያም በተጨማሪ ታገኛለሽ። ደረጃው ያው ሆኖ ለባል ፍለጋ ብቻ ከሆነ ግን እዚሁ ሆነሽ የዕድሜውንና የዲግሪውን ወንፊት ማላላት የሚያመጣልሽ ለውጥ ይበልጣል፤ ወጪም የለውም። ወንፊቶቹን ሳትነኪ ብትሄጂ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ይህንኑ ጥያቄ ትጽፊልኛለሽ ብዬ እፈራለሁ።

የማመልከቻው ቀን መቼ እንደሚዘጋ አልጻፍሽልኝም። ገና ጊዜ ካለው ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው፦ ሰውየውን ዛሬ ነገ ሳትዪ በዚህ ሳምንት ጠይቂው፣ ማመልከቻውን ከመልሱ በኋላ ሙዪው። ዝውውሩን ማስፈራሪያ አድርገሽ አታቅርቢለት፤ «ልሄድ ነው» ሲባል ደንግጦ ሊልከው ያሰበውን ሽማግሌ፣ መቅረትሽን ሲያይ ይረሳዋል። የሰው ኃይል ክፍሉን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፤ ከዓመት በኋላ ወደ ድሬ መመለስ ቢያስፈልግሽ ቦታሽ ይጠበቃል ወይስ እንደ አዲስ ትወዳደሪያለሽ?